ዋንዛው ከማን ማሳ መጣ?

ባለፈው ግንቦት ለግቢዬ አራት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ላሠራ ደሴ ውስጥ አንድ እንጨት ሥራ ቤት ገባሁ። አናጺው አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ የተላገውን ጣውላ አሸት አደረገው። ቡናማው መልክ ብቅ ሲል «ይኸው ጋሼ፣ ንጹህ ዋንዛ ነው» አለኝ። ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት። «ከገጠር» አለ። ከየትኛው ገጠር? ከቃሉ ገበሬ ማሳ ነው ወይስ ከየጎፍ ደን በሌሊት የወረደ? «እሱን ነጋዴው ያውቃል፤ እኔ የማውቀው እንጨቱን ነው» ብሎ ሳቀ።

አልፈርድበትም፤ ጠይቆት የሚያውቅ ደንበኛ የለማ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ችግኝ ይዘን ፎቶ የምንነሳው እኛው ነን፤ ወንበር ስናዝ ግን ከዋጋውና ከሚደርስበት ቀን ሌላ ጥያቄ የለንም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና የአበሻ ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አዋጁ በ1999 ከዚያም በ2010 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል። ጣውላ ሲጓጓዝም ኬላ ላይ መሸኛ ይጠየቃል። ችግሩ ከኬላው ወዲህ ነው። መሸኛው ከሹፌሩ ኪስ አያልፍም፤ ጣውላው አጣና ተራ ወርዶ ከተደባለቀ በኋላ የገበሬውና የሌባው አይለይም። የመሸኛው ቅጂ ከጣውላው ጋር እንጨት ሥራ ቤቱ ድረስ ቢገባና ደንበኛም ቢያየው ምን ይከብዳል?

«ዋንዛ ጭራሽ አትግዙ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም። ዋንዛ የደን ዛፍ ብቻ አይደለም፤ ገበሬው እርሻው መሃል ይተወዋል፣ ቅጠሉ መሬቱን ያለማለታል፣ ልጆች የሚያጣብቀውን ፍሬ እየለቀሙ ይበሉታል። ራሱ የበቀለውን ለጋ ዋንዛ በሞፈሩ ሳይነቅል የሚያልፈው አንድ ቀን ገንዘብ ይሆነኛል ብሎ ነው። የራሱን ዛፍ ለመሸጥ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት ከሆነ ግን ባህር ዛፍ ተክሎ ቢገላገል ማን ይፈርድበታል? ደረሰኝና መሸኛ ያለውን ዋንዛ በደህና ዋጋ መግዛት ዛፉን ያኖረዋል እንጂ አያጠፋውም።

ወይራ ላይ ግን አቋሜ ሌላ ነው። እድገቱ እጅግ ዝግ ያለ ነው፤ እኔ ትልልቁን ወይራ የማየው በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በደሪህ (በወልዮች መቃብር) ዙሪያ ነው። ሻጭ ሁሉ «ከፈረሰ ቤት የወጣ ነው» ይላል። እውነት ከሆነ ከዚያ የተሻለ እንጨት የለም፤ የወይራና የጥድ ምሰሶ ምስጥ አይደፍረውም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የፈረሰ ቤት እንጨት የምስማር ቀዳዳ አለው፣ የዘመናት ጭስ ጠጥቷል፣ ሲላጉት ውስጡ ደርቋል። ለምለም ሽታ ያለው «የፈረሰ ቤት» ትናንት የተቆረጠ ነው።

በፈረንጅ አገር የጓሮ ወንበር ሲባል ስሙ የሚነሳው ቲክ ነው፤ ከህንድ እስከ በርማና ታይላንድ የሚበቅል፣ ዘይታማ በመሆኑ ዝናብና ፀሐይ የሚችል ዛፍ። ደኑ ሲሳሳ እዚያም ጥያቄ ተነሳ፤ እንደ እነሱ አቆጣጠር በ1993 የተቋቋመው ኤፍ ኤስ ሲ የተባለ ዓለም አቀፍ የደን ድርጅት ባወጣው መስፈርት እንጨቱ ከደን እስከ ሱቅ እየተመረመረ ማኅተም ይደረግበታል። የሚገርመው ግን ባህር ዛፍም እዚያ የጓሮ ወንበር ሆኖ ይሸጣል። እኛ «ይጣመማል» ብለን የናቅነው ቆርጠን በሳምንቱ ስለምንሰነጥቀው ነው። ጫፍና ጫፉን ቀለም ቀብቶ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ማድረቅ፣ ከተሠራም በኋላ የተልባ ዘይት ማጠጣት ያስፈልገዋል። ጉቶው ደግሞ መልሶ ያቆጠቁጣል።

የእኔ ወንበሮች ገና አልደረሱም። ባለፈው ሳምንት አናጺው ደወለ፤ ከኩታበር የአንድ ገበሬ ዋንዛ አግኝቷል፣ መሸኛውንም ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ማኅተሙ አለ፣ ቀኑ አለ። የዛፉ ዓይነት በሚለው ቦታ የተጻፈው ግን «ባህር ዛፍ» ነው። ደውዬ ስጠይቀው ትንሽ ዝም አለና፣ «ጋሼ፣ ወረቀት አምጣ አሉ፤ ወረቀት መጣ» አለኝ።