«ልጅ በሁሉ ይታዘዝ» የሚለው ጥቅስ ያለዕድሜ ጋብቻን አይደግፍም

ወገኖቼ፣ በወሎ ገጠር ስላለው ያለዕድሜ ጋብቻ በተነሳው ውይይት «መጽሐፍ ቅዱስ ልጅ በሁሉ ይታዘዝ ስለሚል፣ አባቷ ሲድራት እምቢ ያለች ልጅ ኃጢአት ሠራች» የሚል አስተያየት ተደጋግሟል። ጥቅሱ በእርግጥ አለ፤ ቆላስይስ 3፥20 ነው። የተዘለለው ቀጣዩ ቁጥር ነው፤ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያበሳጩ፣ ልባቸውም እንዳይዝል ያዛል። ኤፌሶን 6ንም ከ1 እስከ 4 ሳታቋርጡ አንብቡት፤ የልጅ መታዘዝና የአባት ኃላፊነት አብረው ነው የተጻፉት። የሰው ትእዛዝ ከእግዚአብሔር ጋር ሲጋጭ ደግሞ የሐዋርያት ሥራ 5፥29 ቁርጡን ይናገራል፤ ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ ይገባል።

መታዘዝ ይቅር ማለቴ አይደለም። ጌታችን በ12 ዓመቱ በመቅደስ ከመምህራን መካከል ተገኝቶ፣ «በአባቴ ቤት እሆን ዘንድ እንዲገባኝ አላወቃችሁምን?» ብሎ መለሰ፤ ከዚያ ግን አብሯቸው ናዝሬት ወርዶ ይታዘዝላቸው ነበር (ሉቃስ 2፥46-51)። ውኃ መቅዳት፣ ከብት ማገድ፣ ምክር መስማት፣ ወላጅ ሲደክም መጦር፤ ትሕትናው እዚህ ነው።

ጋብቻ ግን የሁለቱን ተጋቢዎች ፈቃድ ይጠይቃል፤ የአገራችን የቤተሰብ ሕግም ቢያንስ 18 ዓመት ይላል። ሰውነቷ ሳይጠና የምትወልድ ልጅ ምጡ ሲረዝምባት ለፌስቱላ፣ ማለትም ሽንት መቆጣጠር ለሚያሳጣ የወሊድ ጉዳት፣ ትጋለጣለች። ላስታም ሆነ ዋድላ ያላችሁ፣ ድግሱ ሳይጠነሰስ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ ምዕራፉንም አብራችሁ ክፈቱ።