ቁመና በአፍና በቁጥር ሲለካ

እኔ በምኖርበት የአውሮፓ አገር ስለ ሰው ሰውነት መናገር ነውር ነው። የሥራ ባልደረባችሁ ክብደት ጨመረችም ቀነሰች ማንም ትንፍሽ አይልም። ከአገር ቤት የመጣን ሰዎች፣ በተለይም ሴቶቻችን፣ በዚህ ዝምታ እፎይ ይላሉ፤ ለዕረፍት ወደ አገር ሲገቡ ሻንጣቸው ገና መሬት ሳይነካ «ወፍረሻል፣ ተመችቶሻል!» ወይም «ምነው እንዲህ ከሳሽ፣ አሞሽ ነበር እንዴ?» የሚል አቀባበል እንደሚጠብቃቸው ያውቁታልና። እኔ ግን ዝምታውን እንደ አክብሮት ብቻ ማየት ያስቸግረኛል፤ ሰው በአፉ ያልተናገረውን እዚህ የልብስ ቁጥር ይናገረዋል።

እዚህ ልብስ ቀድሞ ተሰፍቶ ያልቅና ሴቲቱ ሰውነቷን ይዛ ትመጣለታለች። ቁጥሩ ደግሞ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ አንዱ ዘንድ 38 የለበሰችው ሴት ሌላው ዘንድ 42 እንኳ አልገባ ሊላት ይችላል። በዚያች ጠባብ መለኪያ ክፍል ውስጥ ቆማ ግን የምትታዘበው ልብሱን አይደለም፤ ሆዷን ነው። መስኮቱ ላይ ያማረባትን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ዞር ብላ ከጀርባዋ ብታያት ኖሮ ቀሚሱ በመርፌ ቁልፍ ተሸብሽቦ እንደተያዘ ባወቀች ነበር። የሞዴሎቹ ቅጥነትም ቢሆን መነሻው ውበት ብቻ አይደለም፦ ንድፍ አውጪዎች ለትርዒትና ለመጽሔት ፎቶ የሚያዘጋጁት ናሙና ብዙውን ጊዜ በአንድ ትንሽ ልክ የተሰፋ በመሆኑ፣ ሥራውን የምታገኘው እዚያ ልብስ ውስጥ የምትገባዋ ናት።

የዚህ ዋጋ ሕይወት ድረስ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ሉዊሴል ራሞስ የተባለች የ22 ዓመት የኡራጓይ ሞዴል ከትርዒት መድረክ እንደወረደች በልብ ድካም ሞተች፤ በቀጣዩ ወር የማድሪድ የፋሽን ሳምንት የክብደትና የቁመት ምጣኔያቸው ከ18 በታች የሆኑ ሞዴሎችን ከለከለ። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2017 ሞዴሎች የሐኪም ማስረጃ እንዲያቀርቡ፣ የሰውነት ቅርፁ በኮምፒውተር የተቀየረ የማስታወቂያ ፎቶም ይኸው እንዲጻፍበት አስገድዳለች። መልካም ነው። አንዲት ታዳጊ በገዛ ስልኳ በፊልተር ወገቧን አሳንሳ ለጓደኞቿ የምትልከውን ፎቶ ግን ይህ ሕግ አይደርስበትም።

ይህን ስናወራ ወገኖቼ የሚሰጡኝ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም፤ የእኛ ሰው ሞላ ያለች ሴት ነው የሚወደው።» ይህ መጽናኛ አይዋጥልኝም። ሰፊ ዳሌና ቀጭን ወገብ በአንድ ላይ የሚጠይቅ ምርጫ እሱም ልኬት ነው፤ ተፈጥሮዋ ቀጭን የሆነችው ልጅ በየሠርጉና በየለቅሶው ስለ ጤናዋ ስትመረመር መኖሯን የሚቆጥርላት የለም። ሙላትን መውደድም ከለላ አይሆንም። በፊጂ ደሴቶች ደንዳና ሰውነት የጤናና የደስተኛ ኑሮ ምልክት ነበር፤ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1995 በገባበት አንድ ግዛት በተማሪ ልጃገረዶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ክብደት ለመቀነስ ብለው ራሳቸውን የሚያስመልሱት በዚያ ዓመት አንድም አልነበሩም፤ በ1998 ግን 11.3 በመቶ ሆነው ተገኙ። ያ እንግዲህ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ቴሌቪዥን ነው። የዛሬዋ ልጅ ቲክቶክን ይዛ ነው የምትተኛው።

ከአገር ቤት የማደንቀው ሌላ ነገር ነው፤ ልብስ ሰፊውን። ሜትሩን በደንበኛው ወገብ ዙሪያ አዙሮ «ካቻምና ከሰፋሁልሽ ጨምረሻል እኮ» ይላታል፣ እሷም «አንተስ ሆድህን አላየህም!» ትለዋለች፣ ይሳሳቃሉ፤ ከዚያ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጽፎ በዚያው ልክ ይሰፋል። ምላሱ አይምርም፤ ቀሚሱ ግን ለእሷ ተብሎ የተሰፋ ስለሆነ ትከሻዋ ላይ ልክክ ይላል። እዚህ አውሮፓ እንዲህ በልክ ማሰፋት የባለጸጎች ቅንጦት ሆኗል።

ችግሩ አገር ቤትም ተሰፍቶ የሚመጣው ልብስ የሰፊውን ቦታ እየወሰደ መሆኑ ነው። ዘመዶቿ አስተያየታቸውን አልተዉም፣ የውጭው ቁጥርም ተጨመረላት፤ የሱሪው ዚፕ አልዘጋ ብሏት ከሱቅ የተመለሰች ሴት ቤት ስትገባ «ወፍረሻል» የሚላት አክስት ደግሞ በር ላይ ትጠብቃታለች።