ቴፑን ጣለው ለምትሉኝ ሁሉ

መኪናዬ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ገና ሳይደላደል ዓይኑን ዳሽቦርዱ ላይ ይተክልና «እስካሁን ካሴት ነው እንዴ? ለምን አትጥለውም?» ይለኛል። የሚስቴ ወንድም ይላል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሳሪስ የማሳፍራቸው ጎረቤቶቼም፣ ያውም በነጻ እየተሳፈሩ፣ ይላሉ። እስቲ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ልመልስላችሁና ሁላችንም እንረፍ።

ቴፑ አልተበላሸም። ይህን ሰው እንዲሰማኝ ምን ያህል መጮህ አለብኝ? ከኮሮላዬ ጋር ከጃፓን የመጣ፣ ድምፁ ሞላ ያለ፣ እስከ ዛሬ አንድ ቁልፍ እንኳ ያልወለቀበት ዕቃ ነው። ያረጁት ካሴቶቹ ናቸው፤ ክራቸው በፀሐይና በብዙ ጨዋታ ረግቦ ዘፋኙ ሁሉ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ዘፈኑም፣ መዝሙሩም፣ ትረካውም አሁን ያለው ስልኬ ውስጥ ነው። የምፈልገው ነገር ትንሽ ነው፤ ስልኬ ውስጥ ያለው ድምፅ በመኪናዬ ድምፅ ማጉያ ይውጣልኝ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።

«እንግዲያው መኪናውን ቀይረው» የሚልም አለ። በምን ልቀይረው? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ የሚጣለውን ታክስ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪኩን ዋጋ ጠይቄ ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። ስለዚህ እኔና ይህ ቴፕ ገና ብዙ ዓመት አብረን እንኖራለን፤ ልመዱን።

መጀመሪያ የገዛሁት የሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካውን ማሰራጫ ነው። ድምፁን ከስልክ በብሉቱዝ ይቀበልና እንደ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ በኤፍ ኤም ያሰራጨዋል፤ የመኪናው ሬዲዮ ደግሞ ይይዘዋል። የሸጠልኝ ልጅ «በሁሉም መኪና ይሠራል፣ ወንድሜ» አለኝ። በሁሉም መኪና! ከተማው ጃፓን አገልግለው በመጡ መኪኖች ተሞልቶ ሳለ፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራ የካሴት ዘመን ሬዲዮ ከ76 ጀምሮ 90 ሜጋኸርዝ ላይ እንደሚያበቃ የማያውቅ ሰው ለመኪና ሬዲዮ ዕቃ ይሸጣል። የእኛ አገር ኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1፤ ለእኔ ሬዲዮ እነዚህ ሁሉ አልተፈጠሩም። ማሰራጫው የሚሠራውም በእኛው አገር ክልል ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ባለች አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

የእኔ ዓይነት መኪና ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ እዚያችው ቦታ ላይ ታጭቋል። የማሰራጫው አቅም ጥቂት ሜትር ብቻ ነው ይባላል። ቃሊቲ ላይ መንገዱ ሲዘጋ በጥቂት ሜትር ውስጥ ስንት መኪና እንደሚቆም የተናገረ ግን የለም። ስለ እምባቦ ጦርነት የሚተርክ ዝግጅት እየሰማሁ፣ የንጉሥ ምኒልክና የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ሊገጥም ሲል፣ ከጎኔ ከቆመው መኪና የሠርግ ዘፈን መጥቶ ጦሩን በእልልታ በተነው። ቁጥሩን ቀየርኩ። የዚያኛው መኪና ሹፌርም የእኔ ትረካ ሠርጉን አበላሽቶበት ኖሮ እሱም ቀየረ፤ እዚያም ተገናኘን። በመስኮት ተያየን። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም፤ ማን እንዳሸነፈ ሳልሰማ ሥራ ገባሁ። (ባንድ ማስፋፊያ የሚባል፣ ከአንቴናው ጋር የሚቀጠል ዕቃ አለ፤ የእኛን ጣቢያዎች ወደ ጃፓኑ ክልል ያወርዳቸዋል። ያን ጊዜ ደግሞ ቦታው በጣቢያዎች ይሞላና ማሰራጫዬ መቆሚያ ያጣል። ስለዚህ እሱን አትምከሩኝ።)

ሁለተኛው የሞከርኩት፣ ካሴት የሚመስለው ማገናኛ ግን የብልህ ሰው ሥራ ነው። ውስጡ ክር የለም። በክሩ ፋንታ ትንሽ ማግኔታዊ ሄድ አለችው፤ ክሩን ከሚያነበው ከቴፑ ሄድ ፊት ለፊት ትቀመጥና ከስልኩ በሽቦ የመጣውን ድምፅ በማግኔት ታቀብለዋለች። ቴፑ ክር የሚያነብ እየመሰለው ያጫውታል። ፊሊፕስ ካሴትን ለዓለም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቅርጹና መጠኑ አልተለወጠም፤ ለዚህ ነው ማገናኛው የትኛውም ቴፕ ውስጥ ልክክ የሚለው። የስልክ ሠሪዎችን ጉድ ደግሞ ተመልከቱ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ከአይፎን 7 ላይ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን አነሳ፤ ብዙዎቹ እየሳቁበት ቆይተው ተከተሉት። የእኔም ስልክ ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ለማገናኛው ሌላ ማገናኛ ያስፈልጋል። እሱም ሁለት ዓይነት ነው፤ ከስልኩ የሚወጣውን ዲጂታል ድምፅ በተራ የድምፅ ሽቦ ወደሚሄድ ድምፅ ራሱ የሚቀይር አለ፣ ቅየራውን ለስልኩ የሚተው ባዶ ሽቦ አለ። ስልኩ ራሱ የማይቀይር ከሆነ ባዶው ሽቦ ጭጭ ይላል። ሁለቱም መልካቸው አንድ ነው። የትኛው እንደሆነ ሻጩን ብትጠይቁት «ኦሪጅናል ነው» ይላችኋል።

ካሴቱን ራሱን ለማግኘት ያየሁት መከራ ሌላ ነው። ሶማሌ ተራ ጠየቅሁ፤ ተያይተው ሳቁ። ምናለሽ ተራ ወረድኩ፤ አንዱ ከዕቃ ክምር ሥር አቧራ የጠጣ አወጣና ፊቴን አይቶ ዋጋ ጠራ። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበ ዋጋው ነገረኝ። ከፈልኩ።

የእኔ ቴፕ አንዱ ገጽ ሲያልቅ ራሱ ወደ ሌላው የሚያዞር ዓይነት ነው። ክሩ ማለቁን የሚያውቀው መዘውሩ መዞር ሲያቆም ነው። በዚህ ርካሽ ማገናኛ ውስጥ ያሉት የፕላስቲክ ጥርሶች ደግሞ ሙቀት ሲያገኛቸው ይነክሳሉ። ቴፑ «አለቀ» ይልና ይገለብጣል፤ በዚያኛው አቅጣጫ ድምፅ የለም፤ ትንሽ ይጠብቅና እንደገና ይገለብጣል። ቀጭ። ዝምታ። ቀጭ። ግማሽ ዓረፍተ ነገር። ቀጭ። ከአቃቂ እስከ ሳሪስ በዚህ ሁኔታ ስብከት መስማት ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

አሁን ወደ መኪና ኤሌክትሪሺያኖቻችን ልምጣ። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ቴፑን ከፍቶ የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ሥር ሽቦ በየዶ የስልክ መስመር ማስገባት። ያልተቀዳበት ካሴት ተከቶ ቴፑ እየዞረ ሳለ ስልኩ ያጫውታል። ሥራው ቀላል ነው፤ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ብቻ ነው። ይህን ለሰፈራችን ባለሙያ ሳስረዳው እስከ መጨረሻው ሰማኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቆርጬ ስክሪን ላስገባልህ?»

ስክሪን! የጓደኛዬን መኪና አይቻለሁ። የቶዮታ ዳሽቦርድ ክፍተት ወርዱ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ የመጣው ስክሪን 18። ግራና ቀኝ የቀረውን ክፍተት በስፖንጅና በሙጫ ሞሉት። ሶኬቱ ሳይነካ ጀርባው ላይ ተቀምጦ ሳለ ሽቦውን በጥርሳቸው ልጠው በፕላስተር ጠቀለሉት። ሶኬት መንቀልና መሰካት ምን ያህል ይከብዳል? ሽቦ መቁረጥ ለምን እንዲህ ይጣፍጣችኋል? በዚያ ላይ ስክሪኑ ከሩቅ የሚያበራ ነው፤ ማታ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ለሚዞር ሌባ ግብዣ ነው። ለእኔ ቴፕ ብሎ መስታወት የሚሰብር ሌባ የለም።

ከብዙ ክርክር በኋላ ሌላ ባለሙያ ያንን የስልክ መስመር በየደልኝና ለአንድ ሳምንት ያህል ደስታዬ ወሰን አጣ። ከዚያ ስልኩን በመኪናው ቻርጀር ሰክቼ ማዳመጥ ስጀምር ዚዚዚ የሚል ድምፅ መጣ፤ ነዳጅ ስሰጥ ይጮሃል፣ እግሬን ሳነሳ ዝቅ ይላል። ባለሙያው አዳመጠና «ዲናሞው ነው፣ ቀይረው» አለ። ለዘፈን ብዬ ዲናሞ ልቀይር! ዲናሞው ጤነኛ ነው። ቻርጀሩም የድምፁ ሽቦም ሁለቱም ከመኪናው ኔጋቲቭ ጋር ስለተገናኙ የዲናሞው ጩኸት በዚያ ዞሮ ድምፁ ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ በድምፁ መስመር መካከል የምትገባ፣ ትናንሽ ትራንስፎርመሮች የያዘች አንዲት ሳጥን ናት። ቻርጀሩን ስነቅለው ጩኸቱ ወዲያው መጥፋቱን ዓይኑ እያየ አሳየሁት። «እሱማ ዲናሞው ስላረፈ ነው» አለኝ።

እንግዲህ ያቺን ሳጥን አዲስ አበባ ውስጥ ያየ ሰው ካለ፣ የሱቁን አካባቢ ብቻ ይጻፍልኝ። አዳማም ብትሆን እሄዳለሁ፤ የፍጥነት መንገዱ መግቢያ እዚሁ ደጃፌ ነው። ስክሪን የምትሸጡ ግን በውስጥ መስመር አትምጡብኝ።