የደብረ ብርሃን የኳስ ቤት ሊቃውንት

ሐበሻ ሰዓት አያከብርም የሚል ሁሉ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ደብረ ብርሃን ብቅ ይበልና አይቶ ይፈር። የዕድር ስብሰባ 3 ሰዓት ተብሎ 4 ሰዓት ተኩል የሚደርሰው፣ የመዘግየት ቅጣቱን እንደ ወር መዋጮ የለመደው ጎበዝ፣ የእንግሊዝ ኳስ 9 ሰዓት ተኩል ከጀመረ እሱ 8 ሰዓት ላይ ኳስ ቤቱ (ጨዋታ በስክሪን የሚታይበት ቤት) አግዳሚ ላይ ጋቢውን ዘርግቶ ቦታ ይዟል። ለጓደኛውም ጭምር። ጓደኛው እኮ ጣርማ በርን በጉም ውስጥ እየዳበሰ በሚወጣ ሚኒባስ ከደብረ ሲና ነው የሚመጣው። እንዲህ ያለ ጽናት ለሥራ ቢውል ቶሎ ያልቅ ነበር፤ ለኳስ መቆጠቡ ብልህነት ነው።

የሰዓት ዕውቀታቸውስ! እንግሊዞች በጥቅምት አጋማሽ ገደማ በሚውል አንድ እሑድ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ። እስከዚያ በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት 2 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ 3 ይሆናል። ስለዚህ የቅዳሜ ጨዋታዎች ከ8፡30፣ ከ11፡00 እና ከ1፡30 ወደ 9፡30፣ 12፡00 እና 2፡30 ይሸጋገራሉ፤ በመጋቢት አጋማሽ ግድም ደግሞ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። የልጁ የክትባት ቀን ሲጠየቅ «እናቷ ታውቃለች» የሚል አባት ይህን ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። በጥቅምት የዘነጋ አንድ ሰዓት ቀድሞ መጥቶ ከባዶ ስክሪን ጋር ይፋጠጣል፤ ይህ ይማራል። በመጋቢት የዘነጋው ግን ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ነው የሚደርሰው። እሱ አይማርም።

አለባበሱም ጥበብ አለው። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ማልያ ደግሞ ስስ ነው። ሊቁ ይህን ስለሚያውቅ ማልያውን ከልኩ ሁለት ቁጥር አስበልጦ ይገዛል፤ ከሹራብ በላይ፣ ብርዱ ሲጠና ከጃኬት በላይ እንዲጠልቅለት። ከሹራብ ሥር የገባ ማልያ እንደተለበሰ አይቆጠርም። ጋቢውም በአንድ ትከሻ ብቻ ይጣላል፤ ዓርማው ያለበት ደረት መሸፈን የለበትማ። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ደረቱን ለለንደን ክለብ ብሎ ለውርጭ የሰጠ ሰው ምን ይባላል?

የቦታ አመራረጡን በዝርዝር ማወቅ ይገባል። በር አጠገብ የተቀመጠ ንፋሱን ይችላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ቀድሞ ዘሎ ወጥቶ ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ቤት ይገባል። እዚያው የቀረው የዚያው ቤት ጄኔሬተር እስኪነሳ፣ ከዚያ ዲኮደሩ ተነሥቶ ቻናሉን እስኪያገኝ ደቂቃዎች ይጠብቃል፤ ጎሉም በነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ እንደሚገባ የተረጋገጠ ነው። ስክሪኑ ላይ ኢ 48 የሚል ሲመጣ ዲሹ ሲግናል አጥቷል ማለት ነው፤ ከባድ ዝናብና ጥቅጥቅ ያለ ደመና ሞገዱን ያዳክመዋልና አንድ ልጅ ጣራ ላይ ይወጣል። (ልጁ ከላይ «አሁንስ?» ሲል ከታች ሰባ ሰው ባንድ ድምፅ «አልመጣም!» ይላል። ቀበሌው እንዲህ ያለ መግባባት አይቶ አያውቅም።) ኢ 16 ከመጣ ግን ጣራ መውጣት ከንቱ ድካም ነው፤ ባለቤቱ የወሩን አልከፈለም።

ምሰሶ ጀርባ የተቀመጠው ግራውን የግብ ክልል አያይም። ኦፍሳይድ የሚፈርደው ግን እሱ ነው። ሕጉ የአጥቂው ጭንቅላት፣ አካልና እግር ይቆጠራል፤ ክንድ አይቆጠርም፤ የክንድ ወሰኑም ከብብት ግርጌ ይጀምራል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ፕሪምየር ሊግ የገባው ቪኤአር (በቪዲዮ የሚዳኘው ረዳት ዳኛ) ይህቺን ብብት ለማግኘት እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ካሜራ ይደረድር፣ መስመር ያሰምር፣ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። የኛ ሰው በምሰሶው ጎን ባንድ ዓይኑ አጮልቆ፣ አፉ ውስጥ የገብስ ቆሎ እያለ፣ ወዲያው ይበይናል። የሚያሳዝነው ቆሎው ነው፤ ጎል ሲገባ ግማሹ የፊተኛው ሰው አንገት ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ ትን ይላል። ልምድ ያላቸው ኮርነር ሲመታ ማላመጥ ያቆማሉ።

አንድ ችግር አለ፤ ሳይነገር አይታለፍም። የሁለት ቤት ስርጭት እኩል አይደርስም። በኢንተርኔት የሚያሳየው ቤት በዲሽ ከሚያሳየው ሠላሳ ሰከንድ ያህል ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ኳሱ ገና መሀል ሜዳ ላይ እያለ ከማዶ ቤት ጩኸት ይሰማል፤ እነዚህም የሚያውቁትን ጎል እንደማያውቁ ሆነው ይጠብቃሉ። ሲገባ ደግሞ ከልባቸው ይደነግጣሉ።

ታሪክ ላይማ አይቻሉም። የአርሰናል ደጋፊ ከሆነ የእ.ኤ.አ. 2003/04ን ውድድር፣ 26 ድል፣ 12 አቻ፣ ሽንፈት የለም ብሎ እንደ ዳዊት ይደግማል፤ ያኔ ያልተወለደው ሳይቀር። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደው ቡድን አምበል ማን ነበር ብለው ቢጠይቁት አያውቅም፤ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው ሲባል «ለየትኛው የጣሊያን ክለብ ነው የሚጫወተው?» ይላል። ወደ ኳስ ቤቱ ሲመጣ አቋርጦት ባለፈው አቧራ ሜዳ ላይ የሚጫወቱትን የሰፈር ልጆችማ ማን ጠይቆት! መንገድ ስለዘጉበት ተቆጥቷቸው ነው ያለፈው።

የ2፡30ው ጨዋታ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል። በዚያ ሰዓት ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሚኒባስ ስለሌለ እንግዳው ያድራል፤ ያደረ እንግዳ ደግሞ የእሑዱን ሳያይ አይሄድም። እሑድ ጠዋት ለውርርድ ትኬት የተተወ ነው። አሥር ጨዋታ ባንድ ትኬት ይታሰራል፤ እያንዳንዱ የመሳካት ዕድሉ እኩል በእኩል ቢሆን እንኳ አሥሩም የሚሳኩት ከ1,024 አንዴ ነው። ዘጠኙ ይሳካሉ። አሥረኛው በጭማሪ ደቂቃ በሪጎሬ ይወድቃል፤ ሪጎሬውን የሚያገኘውም እንግዳውን ያሳደረው አስተናጋጅ የሚደግፈው ቡድን ነው።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ረዳቱ «ሲና! ሲና!» ይላል፤ እንግዳው መሳፈሪያ የለውም። አስተናጋጁ ደግ ነው፣ ያበድረዋል። መጀመሪያ ግን እንግዳው ሻይ ቤት ውስጥ፣ በሁለት ምስክር ፊት፣ ሪጎሬው ተገቢ እንደነበር ማመን አለበት።