ዳቦውን ከምርመራ በፊት አታቁሙ
«ቫይረስ የያዘው ልጅ ሴሊያክ ይይዘዋል» የሚለው ወላጅን በከንቱ ያስደነግጣል። ሴሊያክ እንደ ስንዴ ባሉ እህሎች ውስጥ ያለው ግሉተን ሲበላ አንጀት የሚጎዳበት ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኖርዌይ ጥናት የተከታተለው በዘር ተጋላጭ የሆኑ ሕፃናትን ነው። ኋላ ሴሊያክ በያዛቸው ልጆች ሰገራ ውስጥ ኢንትሮቫይረስ የተባለው የአንጀት ቫይረስ ከመታመማቸው ቀደም ብሎ በብዛት ተገኘ፤ አዴኖቫይረስ የተባለው ሌላ ቫይረስ ግን ልዩነት አላሳየም። ግንኙነት አለ ማለት እንጂ ምክንያቱ እሱ ነው ማለት አይደለም። «ሴሊያክ ከጠረጠራችሁ ዳቦ ወዲያው አቁሙ» ላልሽው እህቴ፣ ኧረ በፍጹም! ከደም ምርመራው በፊት ከቆመ ውጤቱ ያሳስታል። እኛ አቁመን፣ ልጄን ሆዷ ተነፍቶ እያለቀሰች ለምርመራው ሲባል ለሳምንታት እንደገና ዳቦ አበላናት። አሁን የጤፍ እንጀራ ተስማምቷታል። ጤፉን ግን ቤት ነው የምፈጨው፤ ወፍጮ ቤት የስንዴ ዱቄት ይቀላቀልበታል።