ለማልያ ፍቅር

እሁድ እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ከፊቴ የሚቀመጡ አንድ ጋሼ አሉ። ተጫዋች ኳስ በሳተ ቁጥር ማኪያቶአቸውን አስቀምጠው «ገንዘብ አበላሸው! የድሮ ተጫዋች እኮ ለማልያው ነበር የሚሞት!» ይላሉ። ቤቱ በሙሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔም ጭምር። በአንድ ማኪያቶ ዋጋ እንዲህ ያለ እውቀት ሌላ የት ይገኛል?

ደግሞም እውነታቸውን ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የነበረውን የእንግሊዝ ሊግ ተጫዋች ተመልከቱ። ከ1922 ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው) በውድድር ወራት በሳምንት ከ8 ፓውንድ፣ በእረፍት ወራት ከ6 ፓውንድ በላይ መቀበል አይችልም። ለማልያው ያለው ፍቅር በገንዘብ እንዳይበላሽ ደንቡ ራሱ ይጠብቅለት ነበር።

ታማኝነቱማ አይወራም። ውሉ አልቆም እንኳ ክለቡ ካልለቀቀው ለሌላ የሊጉ ክለብ መጫወት አይችልም። ደመወዝ ሳይከፍሉትም ይዘው ማስቀመጥ ይችላሉ። የዛሬዎቹ አንድ ቤት አይበረክቱም ብለን እናማርራለን፤ ያኔ ማስበርከት ያውቁበት ነበር።

በ1928 አርሰናል ዴቪድ ጃክን ከቦልተን በ10,890 ፓውንድ ገዛ። በሳምንት 8 ፓውንድ ብናሰላው የሃያ ስድስት ዓመት ደመወዝ ነው። ለባለ እግሩ ደንቡ የሚፈቅደው የፊርማ ገንዘብ 10 ፓውንድ ነው። አሥሯን ለእሱ፣ የቀረውን ለቦልተን፤ ለማልያ ለሚሞት ሰው ይህም ይበዛበታል።

የኤቨርተኑ ዲክሲ ዲንማ የፍቅር ጥግ ነው። በ1926 በሞተር ብስክሌት አደጋ የራስ ቅሉ ተሰበረ። ያ ኳስ ደግሞ ቆዳ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፣ የተሰፋበት ጠፍርም ግንባር ይልጣል። ሰውየው በዚያው ጭንቅላቱ ተመልሶ መጣና በ1927/28 በ39 የሊግ ጨዋታ 60 ጎል አገባ። ስልሳኛዋ፣ በመጨረሻው ጨዋታ አርሰናል ላይ የገባችው፣ በቴስታ ነበረች። ስልሳ ጎል ግን የደመወዝ ጣሪያ አይበሳም። ጣሪያው የተነሳው በ1961 ነው፤ ጋሼ እንደሚሉት ኳስ የተበላሸችው ያኔ መሆን አለበት።

በነገራችን ላይ ጋሼ ባለፈው ወር መሥሪያ ቤት ቀይረዋል። ምነው ብላቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አራት ሺህ ጨመሩኝ» አሉኝ። «ማልያውስ?» ልላቸው ስል የማዕዘን ምት ተገኘና ሁላችንም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርን።