«ዲዊ ትሩማንን አሸነፈ» እውነት ቢሆን ኖሮስ?

አንድ ፎቶ አለ፤ ሳታዩት አትቀሩም። መነጽር ያደረገ ሰውዬ ባቡር ላይ ቆሞ፣ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ እየሳቀ፣ ጋዜጣ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዟል። ጋዜጣው በትልልቅ ፊደል «ዲዊ ትሩማንን አሸነፈ» ይላል። የያዘው ሰውዬ ራሱ ትሩማን ነው። ተሸነፈ የተባለውም እሱ፣ ያሸነፈውም እሱ።

የሆነው በ1948ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ነው (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ትሩማን በሥልጣን ላይ ያለው ፕሬዚዳንት፣ ዲዊ ተፎካካሪው ነበር። የቺካጎ ዴይሊ ትሪቢዩን የማተሚያ ቤት ሠራተኞች አድማ መትተው ሥራ ካቆሙ ወራት ተቆጥረዋል። ስለዚህ ጋዜጣው ከወትሮው በሰዓታት ቀድሞ መታተም ነበረበት። ድምፅ ተቆጥሮ አላለቀም። የዋሽንግተኑ ዘጋቢ አርተር ሲርስ ሄኒንግ ግን ዲዊ ያሸንፋል አለ፣ አስቀድሞ የተሰበሰበው የሕዝብ አስተያየትም እንደዚያው ይል ነበር፣ አዘጋጆቹም አመኑ። ወደ 150,000 ኮፒ ወጣ። ሲነጋ አሸናፊው ትሩማን ሆኖ ተገኘ። ከምርጫው በሁለተኛው ቀን ሴንት ሉዊስ ባቡር ጣቢያ ላይ አንድ ኮፒ እጁ ገባ፤ ፎቶው የዚያን ጊዜ ነው።

ይሄን ታሪክ የሚያወራ ሁሉ በአዘጋጆቹ ይስቃል። እኔን ግን የበለጠ የሚያስቀኝ ርዕሱን አምኖ ተከትሎት መሄድ ነው። የድሮ ጋዜጣ እንዲህ ካልተነበበ ግማሽ ጣዕሙ ይቀራል።

እንሂድ። ጥር 1949። ቶማስ ዲዊ ሻንጣውን ይዞ ዋይት ሐውስ ይገባል። ሪዙ ተከርክሟል። ታፍት በ1913 ከወረደ ወዲህ አሜሪካ ሪዝ ያለው ፕሬዚዳንት አላየችም። ስለዚህ ጸጉር ቤቱ ሁሉ «እንደ ፕሬዚዳንቱ አድርግልኝ» በሚል ወረፋ ይጨናነቃል፣ ገና ያላበቀለው ጎረምሳ ደግሞ ተደብቆ ኩል ይቀባል።

ችግሩ ቤቱ ነው። ዋይት ሐውስ ያኔ ሊፈርስ ደርሶ ነበር፤ የምር። በዚያው በ1948 የትሩማን ልጅ የማርጋሬት ፒያኖ አንድ እግሩ ወለሉን በስቶ ገብቷል። ቤተሰቡ ከምርጫው በኋላ ብሌር ሐውስ ወደሚባለው የመንግሥት እንግዳ ማረፊያ ተዛወረ፣ የሕንጻው ውስጡ በሙሉ ተነቅሎ ወጥቶ እንደ አዲስ ተሠራ፣ ተመልሰው የገቡት በ1952 ነው። ዲዊ ቢያሸንፍ ይሄ ሁሉ ጣጣ የሱ ይሆን ነበር። እስቲ አስቡት። በ1944ም ተወዳድሮ ተሸንፏል። ያን ሁሉ ዘመን የተመኘው ቤት ገባ ሲባል፣ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ መሐንዲስ ብቅ ብሎ «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ይቅርታ፣ ቀስ ብለው ይርገጡ» ይለዋል። ባለቤቱ መጋረጃ ልትሰቅል ወንበር ላይ ስትወጣ ግድግዳው አብሯት ይወዛወዛል። ሰውየው የሥልጣን ዘመኑን እንደ ተከራይ ዕቃውን ሳይፈታ ይጨርሳል። ትሩማን ደግሞ ሚዙሪ፣ ኢንዲፔንደንስ፣ ገዛ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጠንካራ ወለል ላይ ፒያኖውን ይነካል።

እዚህ ላይ ሳቄ ቆም ይላል። የዲዊ ምክትል ሆኖ የተወዳደረው ኧርል ዋረን ነበር። ሲሸነፉ በካሊፎርኒያ ገዥነቱ ቀጠለ። በ1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ አድርጎ ሾመው። በ1954 ጥቁርና ነጭ ልጆችን በትምህርት ቤት መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚለውን ውሳኔ፣ ዘጠኙንም ዳኞች አስማምቶ ያስወጣው እሱ ነው። ርዕሱ እውነት ቢሆን ዋረን ምክትል ፕሬዚዳንት ተብሎ ሪባን ሲቆርጥ ይውላል። ያ ውሳኔ መቼና በማን እጅ ይወጣ ነበር? እንጃ። ይሄን ሳስብ ጋዜጣው በመሳሳቱ ከልቤ ደስ ይለኛል።

ሌሎችም ርዕሶች አሉ። በሐምሌ 1947 የሮዝዌል ጋዜጣ የጦሩ አየር ሰፈር በራሪ ሳህን (ከሌላ ዓለም ይመጣል የሚባለውን መንኮራኩር) እንደያዘ ጻፈ፤ ወዲያው የአየር ጠባይ መለኪያ ፊኛ ነው ተባለ። እውነት ቢሆን የኒው ሜክሲኮ ትራፊክ ታርጋው ከሳህኑ የቱ ጋ እንደሚለጠፍ ሲከራከር ይኖር ነበር። በ1955 ደግሞ የአንድ ቫኪዩም ክሊነር ፋብሪካ ኃላፊ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ በኒውክሌር የሚሠራ መጥረጊያ እንደሚመጣ ተናግሮ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ጎረቤት «አንዴ አውሺኝ» ብላ ስትመጣ ምን ተብሎ ይሰጣል?

የዲዊውን ግን የሚያህል የለም፤ እኛ ቤት ድረስ ይመጣል። ትሩማን በጥር 1949 ቃለ መሐላ ሲፈጽም ባደረገው ንግግር፣ አራተኛው ነጥብ ለድሃ አገሮች የሙያ እርዳታ መስጠት ነበር። ትልልቆቻችን «ፖይንት ፎር» የሚሉት እሱን ነው። በዚያ በኩል በ1952 ከኦክላሆማ የግብርና ኮሌጅ ጋር ስምምነት ተደረገ፣ ትምህርቱ ጅማ ላይ ተጀመረ፣ በ1956 ዓለማያ ገባ። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ነው። ዋይት ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ የሚባሉት ዶሮዎች በ1950ዎቹ የመጡት በነዚሁ በጅማና በዓለማያ በኩል ነው። በሌላ መንገድ በሌላ ጊዜ ይመጡ ይሆናል። እኔ ግን ርዕሱን ይዤ ስሄድ ዓለማያ የለም፣ ዶሮዎቹም የሉም፣ ባለሱቁም «የሐበሻ ነው የፈረንጅ?» ብሎ አይጠይቀኝም። እንቁላል እንቁላል ነው፣ በቃ።

ይሄን ለአክስቴ ነገርኳት። ለበዓል ዶሮ ስትበልት ነው። የፈረንጅ ዶሮ ወጥ ውስጥ ይፈርሳል፣ አሥራ ሁለቱ ብልት ልክ አይወጣለትም ብላ ዕድሜ ልኳን ስትማረር የኖረች ሴት ናት። ፎቶውን በስልኬ አሳየኋት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለች፣ የትሩማንን ሳቅ አጎላችና ትክ ብላ አየችው።

«እሱ ነው ያመጣብን?» አለች። «ታዲያ ጋዜጣው ምን ተሳሳተ ልጄ፣ ቢሸነፍ ምን ነበረበት?»